ሶፋውን የመረጠው ማን ነው?

በዚያ ዓመት ሥራዬ ሰው ቤት እየገባሁ ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ ነበር። በሕግ ተመርቄ አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ፋይል ሳመላልስ ከቆየሁ በኋላ፣ ባምቢስ አካባቢ ያለ ትንሽ የጥናት ቢሮ ቀጠረኝ። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነው። ሕጉ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል ናቸው ይላል። በየቤቱስ? እቤት ውስጥ የሚወስነው ማን ነው?

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻይዋን አስቀርባ ሳትጠጣው የምታቀዘቅዝ ሴት ነበረች። በየጠዋቱ አንድ ነገር ትደግምልናለች።

«ባልና ሚስት በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ክፍል። ወንዱን ወንድ ይጠይቅ፣ ሴቷን ሴት። አንዱ የሌላውን መልስ ከሰማ በቃ፣ ዳታው ሞተ።»

ከኔ ጋር የተመደበው በሶሲዮሎጂ የተመረቀ፣ ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ፣ ድምፁ ግን ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት የሚያቅተው ልጅ ነበር። ብዙ ጊዜ «ወራጅ» የምልለት እኔ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ወደሚኖሩ ሁለት ጡረተኞች ቤት ገባን። ባልየው ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ሚስትየው ጂኦግራፊ ያስተማሩ መምህርት ናቸው፤ እሳቸውን እትዬ አልኳቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል።

ካዛንቺስ በኩል ያለው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ፎርም የያዘ ሰው ግቢ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ይቆማል። እኛም ስንገባ ቆመው ጠበቁን።

«ለቤቱ ነው?» አሉን አንዲት ሴትዮ ከደጃፋቸው።

«አይ፣ ለጥናት ነው።»

«ሊያፈርሱም ሲመጡ መጀመሪያ ጥናት ነው የሚሉት» አሉና በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ጋሼ የስምምነት ፎርሙን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀይ እስክሪብቶ አስመጥተው ማንበብ ጀመሩ። ሁለት የፊደል ግድፈት አረሙ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«'ተሳታፊው በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላል' ይላል። ተሳታፊ ማን ነው? ጠያቂውም እኮ እየተሳተፈ ነው። ይህ ለክርክር ክፍት ነው።»

ስናስተካክለው ፈረሙ፤ ቀሪ ቅጂ ይሰጠኝ አሉ፤ ሰጠናቸው። ከዚያ ባልደረባዬ ከሳቸው ጋር ሳሎን ቀረ፣ እኔ እትዬን ይዤ ግቢው ዳር ወዳለው ማድ ቤት ሄድኩ።

እትዬ ጥርት አድርገው ነበር የሚመልሱት፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቃቸው እንደሚመልሱት። ትልልቅ ዕቃ ሲገዛ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው ስላቸው «እሳቸው» አሉ። በምሳሌ ያስረዱኝ አልኳቸው።

«ሶፋው አለ አይደል፤ ያየሽው።»

አይቼዋለሁ፤ አለማየት አይቻልም። ሰማያዊ ሆኖ ወርቃማ አበባ ያለበት፣ ክንዱ እንደ አንበሳ መዳፍ የተቀረጸ፣ ከፍታው ሰው ሲቀመጥበት እግሩን መሬት የማያስነካ ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

«ስንጋባ እሳቸው ናቸው የመረጡት። እኔ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ ወገቤን ነው የጨረሰው። ዳንቴሉን የሠራሁት አበባው እንዳይታየኝ ነው። ግን እሳቸው ስለሚወዱት ሠላሳ አራት ዓመት ቃል አልተነፈስኩም። ይህን ጻፊ፤ ምስጢር ነው ብለሻል።»

«ምስጢር ነው እትዬ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ከሳሎን ጩኸት ተሰማ። ለካ የጋሼ ጆሮ ይደክማል። ባልደረባዬ ሦስት ጊዜ በዚያ ቀጭን ድምፁ ጠይቋቸው ስላልሰሙ፣ ያለ የሌለ አቅሙን አሰባስቦ እየጮኸ ነው።

«ትልልቅ ዕቃ ሲገዛ! የመጨረሻውን ውሳኔ! የሚሰጠው ማን ነው?»

ደንቆሮ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋልና ጋሼም በዚያው ልክ ጮኹ። «ሚስቴ!»

«ምሳሌ ይስጡኝ!»

«ይኸው የተቀመጥክበት ሶፋ! እሷ ናት የመረጠችው! እኔ ሳየው ዓይኔን ያመኛል! ልጆቼን እንኳ 'እንዳትወጡበት፣ እናታችሁ ታዝናለች' እያልኩ ነው ያሳደግኩት!»

በርጩማ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ ማድ ቤቱ ዞሩ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ደግመው አወለቁት።

«እኔ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ የመረጥኩት?»

ዳታው እዚያው ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ባምቢስ ቢሮአችን ድረስ መጡ፤ ከረባት አስረው፣ ማመልከቻ ይዘው። «ጉዳዩ፦ መልሴ እንዲሻሻልልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ሶፋውን የመረጥኩት እኔ መሆኔ ተረጋግጦ ቀድሞ የሰጠሁት ቃል ውድቅ እንዲሆንልኝ፣ ባለቤቴ ያለአግባብ ተወቅሳለችና፣ ይላል። ዶክተሯ ተቀብላ ሸኘቻቸው። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እትዬ መጡ። እሳቸው ማመልከቻ አልያዙም፤ ቆመው በቃል ነው የተናገሩት። ሶፋውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው በከንቱ አይወቀሱ፣ አሉ።

ዶክተሯ ሁለቱን ፎርሞች ጎን ለጎን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«መጀመሪያ ማንም አልመረጠም። አሁን ደግሞ ሁለቱም መረጡ። ስንት ሶፋ ነው ያላቸው?»

«አንድ» አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደህና ነበር። ግን አንዱ ለሌላው ብሎ መልሱን መቀየሩን ሁለቱም ሰሙ፤ እርቅ ያመጣል ስንል ባሰ። ጋሼ «ውሸታም አደረገችኝ» አሉ። እትዬ «መጀመሪያ ወነጀሉኝ፣ ቀጥሎ አዘኑልኝ፤ ሁለተኛው ይብሳል» አሉ። ሶፋው ላይ መቀመጥ ሁለቱም አቆሙ። ጋሼ ደጃፍ፣ እትዬ ማድ ቤት መዋል ጀመሩ። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። የንስሐ አባታቸው፣ ድሮ ፍርድ ቤት ከጋሼ ጋር የሠሩ ጓደኛቸው፣ እና እዚያው ግቢ የሚኖሩ ባምቢስ ሱቅ ያላቸው ሐጂ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ በእድር ወንበር ተቀመጡ፤ ሶፋው ፊት ለፊታቸው ባዶውን እንደ ተከሳሽ ተቀምጧል። እኔና ባልደረባዬ የጠፋው ጠፍቷል፣ ይቅርታ እንበል ብለን ነበር የመጣነው። እትዬ ገና እንዳዩኝ ክንዴን ያዙኝ።

«ይቺ ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትቀመጥ። ሦስት ወንድ ብቻውን በኔ ጉዳይ አይፈርድም። ጥናታችሁ ራሱ የሚጠይቀው ይህንን አይደለም?»

እኔ ወጥቼ ለዶክተሯ ደወልኩ።

«ተቀመጪ» አለች። «ግን አንድ ቃል እንዳትናገሪ። አስተያየት ከሰጠሽ ተጽዕኖ ይሆናል።»

«ሽማግሌ ሆኜ ልቀመጥና ዝም ልበል?»

«አዎ። ራስሽን ብቻ ነቅንቂ።»

ስለ ሴቶች ድምፅ ስንት ገጽ የጻፈች ሴት ናት።

በሃያ ሰባት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። ጋሼ ሲናገሩ እየቆሙ ነው፤ ችሎት ይመስላቸዋል። እትዬ ተቀምጠው ነው። ጋሼ ሲናገሩ ራሴን ነቀነቅሁ፣ እትዬ ሲናገሩም ነቀነቅሁ፤ ሁለቱም ያደላሁላቸው መስሏቸው በረቱ። አባ እንዲህ ጠየቁ፦

«መጀመሪያ ስትገዙት እንዴት ነበር?»

እትዬ ነገሩን ከሥሩ አወጡት። ወሎ ሰፈር አንድ አናጢ ቤት ነው፤ ሠርጋቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አናጢው «ይሄ ይሁን?» አለ። እትዬ ዘወር ብለው እጮኛቸውን አዩ፤ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሽራ ምን ትላለች? ዝም አሉ።

ጋሼ ብድግ አሉ። «አልነቀነቅሁም!»

«ነቅንቀዋል።»

«ኮሌታዬ ነው! አዲስ ሸሚዝ ነው፤ አንቆኝ አንገቴን ሳፍታታ ነው! እኔ እንዲያውም አንቺን ነበር የማይሽ፤ ዝም ስትዪ ወደድሽው ብዬ ተውኩት። ዝምታ ደግሞ መስማማት ነው!»

እትዬ ተነሡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባላቸውን አንቱ ብለው ነው የኖሩት፤ ልጆቻቸው ፊት፣ ጓዳም።

«ኮሌታ? ሠላሳ አራት ዓመት ወገቤን የጨረስከው በኮሌታ ነው? አንተ ሰውዬ!»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። የጋሼ ጓደኛ መሬት መሬት አዩ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል ሌላ ነገር እየበላኝ ነበር። የውል ሕግ ገና እንደጀመርን የተማርነው ነገር ነው፤ ፈተና ላይ መጥቶ ትክክል መልሼዋለሁ። ጋሼ ያንኑ አባባላቸውን ደገሙት፣ «ዝምታ መስማማት ነው»፤ አባም «እውነት ነው፣ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። ዶክተሯ ትዝ አለችኝ። ራሴን ልነቀንቅ ሞከርኩ። አንገቴ እምቢ አለ።

«ዝምታ መቀበል አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። የጮኽኩት ጋሼ እንዲሰሙኝ ነው፤ ግን መርካቶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። ተቆጡ ብዬ ስፈራ ፊታቸው በራ። «የሕግ ነጥብ ነው» አሉ ለጓደኛቸው። «ትክክል ናት። እንዴት ረሳነው?» ጓደኛቸውም ትክክል ናት አሉ። ሁለቱ ስለ ነጥቡ ትንሽ ተወያዩ።

ይህን ጊዜ ነው ሐጂ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«ወላሂ አሁን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ እኔ ወሎ ሰፈር ምስማር ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ የአናጢው ጎረቤት። ይሄ ሶፋ ለሌላ ሰው ተሠርቶ፣ ሰውየው አይቶት 'ይህን ቤቴ አላስገባም' ብሎ የተወው ነው። ከደጅ ከርሞ ዝናብም መትቶታል። አናጢው 'አንድ ቀን የሚያፍር ሙሽራ ይመጣል' ይል ነበር። እናንተ መጣችሁ።»

«ሐጂ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ?» አሉ እትዬ።

«እናንተ ትወዱት የለ እንዴ! ዳንቴል ለብሶ አየሁት።»

ባልደረባዬ ከጥግ ሆኖ ፎርሙን አወጣ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው በሚለው ሥር «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ፣ «ይገለጽ» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ «አናጢው» ብሎ ጻፈ።

ጋሼ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «ይቀጥሉ፣ መናገር ጀምረው ነበር» አሉ። አሽሟጠው አይደለም፤ ከልባቸው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ ሚስታቸውን አንቱ ይላሉ፣ እትዬ ባላቸውን አንተ። ልጆቻቸው ስልክ ሲደውሉ ግራ ይጋባሉ አሉ።

ሶፋው ይውጣ ተባለ፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። ግን ከገባ ወዲህ በሩ በጠባብ የብረት በር ተቀይሯል። በቁሙም በጎኑም ሞከርን፣ አልወጣም። ከሐጂ ሱቅ መጋዝ መጣና ባልደረባዬ እዚያው ሳሎን ውስጥ ለሁለት ቆረጠው። ጎረቤቶች በመስኮት ያያሉ። የአንበሳው መዳፍ ሲወድቅ እትዬ ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጆቼ ኩፍኝ ሲወጣባቸው እሱ ላይ ነበር የማስተኛቸው» አሉኝ። «አልወድህም ብዬው አላውቅም እኮ። እንዴት ይነግሩታል?»

ፎርማችን ላይ «መሳተፍ ምንም ጉዳት አያስከትልም» የሚል መስመር ነበር።

ዶክተሯ ተቆጣችኝ፤ ግን የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ባልና ሚስቱ ከጥናቱ እንዲወጡ ወሰነች። «'አናጢው' የሚል ረድፍ ሠንጠረዡ ውስጥ የለኝም» አለች። ከዚያ ሻይዋን አንስታ ጠጣች፤ ስትጠጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «የኔ እናት ደግሞ ቁም ሳጥን ነበራት» አለችና ሌላ ነገር ሳትጨምር ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

አዲስ ሶፋ ሊገዙ ወደ መስቀል ፍላወር በኩል ሲሄዱ እትዬ አብሬ እንድሄድ ለመኑኝ። ሻጩ አንዱን ሶፋ እየደባበሰ «ይሄስ?» ሲል ጋሼና እትዬ አንገታቸውን ግትር አድርገው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ ቆሙ። ሻጩ የተጣሉ መስሎት ዋጋ ቀነሰ። «እርስዎ ይናገሩ» ይላሉ ጋሼ። «አንተ ተናገር» ይላሉ እትዬ። ሦስት ጊዜ ሄደን ሦስት ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

እስከዚያው ሽምግልናው ላይ የመጡትን የእድር ወንበሮች ሳይመልሱ ተቀመጡባቸው። እድሩም ዝም አለ። ችግሩ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ነው፤ ወንበሮቹ ለልቅሶ ይፈለጋሉ። ያኔ ሁለቱ የሚቀመጡበት ስለሌላቸው ወንበሮቹን ተከትለው ድንኳኑ ይሄዳሉ፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ይውላሉ። ለቀስተኛው አሳቢ ጎረቤቶች እያለ ይመርቃቸዋል።

ባለፈው ክረምት የአንድ የማውቃቸው ሰው ልቅሶ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ዝናብ ሸራውን ይደበድባል። ጋሼ ቀስ ብለው የሚያወሩ እየመሰላቸው፣ ድንኳኑ በሙሉ እየሰማ፣ «ቡኒ ይሻላል እያልኩዎት ነው!» አሉ።

«ቡኒማ አልፈልግም፤ ግራጫ» አሉ እትዬ።

«ለምን? ምክንያት ያቅርቡ!»

እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከፊታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ ለቀስተኛ ዓይናቸውን እየጠረጉ ዞር አሉ።

«ግራጫ ቆሻሻ አያሳይም» አሉ፣ ተመልሰውም ለቅሷቸውን ቀጠሉ።