በምድጃው ላይ የተመታው ዓሣ

ልጄ ዐረብ አገር ሳለች በደወለች ቁጥር ከምትነግረኝ ይልቅ ድምጿን ነበር የማዳምጠው። ጉንፋን ይሁን ልቅሶ ለመለየት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም ይህን ለመለየት አስተማሪ አላስፈለገኝም። እዚያ የሄዱ ልጆች ስማቸው ይለወጣል ሲባል ሰምቼ አንድ ቀን፣ "አንቺንስ ማን ብለው ይጠሩሻል?" አልኳት።

"ሐሪድ።"

"ምን ማለት ነው?"

"የዓሣ ስም ነው እማ። ባሕር ውስጥ ድንጋዩ ላይ የሚኖር። ቀለሙን ብታዪው!"

ፎቶውን ላከችልኝ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሮዝ። ለዒድ የተሰፋ የልጅ ቀሚስ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ባማረ ነገር የሚጠሩትን ሰው አይመቱትም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

እኔ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው የምሠራው። ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ የሚሠራ የከሰል ምድጃ እሸጣለሁ። የሁላችንም ምድጃ አንድ ዓይነት ስለሆነ ተሸካሚዎቹ የአንዷን ከሌላዋ እንዳይደባልቁ እያንዳንዳችን ሆዱ ላይ ምልክት እናስመታለን። አንዷ ጨረቃ፣ አንዷ ቁልፍ። የእኔ እንዲሁ ሁለት ሰረዝ ነበር። ስልኬን ይዤ ምድጃውን ወደሚሠሩልኝ ሽማግሌ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ይምቱልኝ።"

"ዓሣ? እሳት ላይ? ጠብሰሽ ልትሸጪ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ "ይሄ ደግሞ ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣ ነው። እሱን ልተወው?"

"ኧረ ምኑንም አይተዉ! በደንብ ይታይ።"

በሚስማር እየቀጠቀጡ ቅርጹን አወጡት፣ በሦስት ቀለምም ቀቡልኝ። ቀለሙ በመጀመሪያው ከሰል ይለቃል፤ የተመታው ግን አይለቅም። ምድጃዬ ተወደደ። ቸርቻሪዎቹ "ባለዓሣው" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራ ነበር፤ ልጄን እዚያ የሚጠሯት በዚህ ነው፣ ሐሪድ ይሏታል፣ መልኩን ብታዩት እያልኩ።

ውሏን ጨርሳ መጣች። በማግስቱ አብራኝ ወደ ሱቅ ወረደች። የተደረደሩትን ምድጃዎች ቆማ አየቻቸውና የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። እንደዚያው ዋለች። ከዚያ በኋላም ስታወራ አፏን ትሸፍናለች፣ ስትበላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ቅርንፉድ ገዛሁላት።

"አላመመኝም" አለች ቅርንፉዱን መዳፌ ላይ እየመለሰች። "ለቀለሙ መሰለሽ እንዴ እማ?"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለጥርሱ። ድንጋይ የሚቆረጥም ዓሣ ነው። ምሳዬን ስበላ የቤቱ ልጆች ከበውኝ ይቆማሉ። 'ሐሪድ ልትበላ ነው፣ ሳህኑን እንዳትቆረጥመው!' ይላሉ። እናታቸው ሳቋን አትችለውም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ያ ገጣጣ ጥርስ የእኔ ነው። ከእኔ ነው የወሰደችው። ፎቶውን ስንት ጊዜ ሳየው ቀለሙን እንጂ አፉን አላየሁም። ሽማግሌው እንኳ አይተውት ነበር።

ዓሣውን አስቀርቼ ወደ ሁለቱ ሰረዝ ተመለስኩ። ቸርቻሪዎቹ ምድጃውን ያገላብጡና፣ "እትዬ፣ ይሄማ የእርስዎ አይደለም። ባለዓሣውን ያውጡት እንጂ!" ይሉኛል። አልቋል እላለሁ። ልጄንም ለመንኳት። አሁን ዓሣ የሚባል ነገር የለም፣ ነይ አብረን እንሥራ፣ ሱቁም የአንቺው ነው አልኳት። እሺ ብላ መጣች። ገና ከመቀመጧ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ከሩቅ አየቻት።

"አንቺ ነሻ! እናትሽ ስላንቺ ያላወራችው አለ እንዴ? ሐሪድ! ሐሪድ አይደለሽም?"

በፍቅር ነው ያለችው፤ ጉንጮቿን አገላብጣ ሳመቻት። ልጄ ከሻሿ ስር "አዎ" አለች። ከጎናችን ያሉት ነጋዴዎችም ሰሙና ተቀበሉት፣ "ሐሪድ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!"

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ "ተመልሼ ልሄድ ነው" አለችኝ። "ሌላ ቤት።"

"እዚያም ደግሞ ሌላ ስም ቢያወጡልሽስ?"

"እዚያ እኮ የጠራኝ አንድ ቤት ነው። እዚህ መርካቶው ሁሉ ነው።"

አሁን ፓስፖርቷን እያሳደሰች ነው።

በቀደም ጎረቤት ለቅሶ ልንደርስ ገባን። የሻይ ማንቆርቆሪያው የተጣደበት ምድጃ የእኔ ነበር። ቀለሙ ለቋል፣ ጥርሱ ብቻ ከዝገቱ መሃል ወጥቶ ይታያል። ቀድሜያት አይቼ ፊት ለፊቱ ልቀመጥና ልከልለው ስል እሷ ጎንበስ አለች። ምድጃውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ዓሣውን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

"ውይ፣ አቃጠለሽ?" አለቻት የቤቱ ባለቤት።

"ትንሽ" አለች፣ አፏን በሻሿ ይዛ።