ያልታረዱት ሦስት ፍየሎች

የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ባለቤቴ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ከመነሳቱ በፊት በራችን ላይ ተቀምጠን ሐብሐብ በላን። መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ፍርድ ቤቱ ሚስቱ መሆኔን ኒካሃችን ላይ በነበረ ምስክር እንዳረጋግጥ አዘዘኝ፤ አለዚያ ቤታችንን እለቃለሁ። ከምስክሮቹ በሕይወት ያሉት የባሌ አጎት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ድሬዳዋ ናቸው።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በመመስከር የሚተዳደር አንድ ሰውዬ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«እቴ፣ አይዞሽ፤ ሠርግሽ ላይ ነበርኩ። ሦስት ፍየል ታርዷል።»

«ኧረ አንድም አልታረደም! የበላነው ፓስታ ነው።»

«በፓስታ ያገባችን ሴት የትኛው ዳኛ ያምናል? ፍየሉን ለኔ ተይው።»

ተከትሎኝ ገባ። ጸሐፊው የሐሰት ምስክርነትን ቅጣት ሲያነብ ሰውዬው እንደ ዱዓ በቃሉ አብሮ ይወጣው ነበር፤ ጸሐፊው አንድ መስመር ሲዘል አረመው።

የኖርኩትን ትዳር በውሸት ፍየል ማስመስከር ቀፈፈኝ። «ይህን ሰው አላውቀውም» አልኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው» አለ ሰውዬው፣ በሚያሳዝን ድምፅ።

ዳኛው ቀጠሮውን አራዘሙልኝ። አሁን ከድሬዳዋ ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄጄ፣ መጥተው እንዲመሰክሩልኝ የላኩባቸውን የባሌን አጎት እጠብቃለሁ።