ከአሥር ስድስት እጅ

ቀራንዮ ያለው ቤታችን ጀርባው ወንዝ ነው። ክረምቱ ሲበረታ አፈሩ እየተናደ መጣና እማዬ የምትተኛበት ጓዳ ግድግዳው ተሰነጠቀ። እሷ ግን «ቁርጡን ካልነገራችሁኝ አልወጣም» ብላ እዚያው ተኛች።

አፈር የሚያጠና ጎረቤት አለን፤ ለምኜው መጣ። ዳገቱን ለካ፣ ጭቃውን በጣቱ አሸ፣ ያገኘውን ላፕቶፑ ላይ ሞላና «ከአሥር ስድስት እጅ አደገኛ ነው» አለ።

«ይናዳል ወይስ አይናድም?» አልኩት።

«እትዬ፣ አፈር አዎ ወይም አይደለም አያውቅም። ትንሽ እርጥብ፣ ደህና ቁልቁለት እያልን ነው የምናሰላው። ፈዚ ሎጂክ ይባላል።»

«ስለሱ አንድ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። መጽሐፉ ግን አሮጊት የት እንደምትተኛ አይናገርም።»

እማዬ ከጓዳ ሆና «ለኔ ገብቶኛል፤ ጌታ ይባርክህ ልጄ» አለችው። በቃ ልትወጣልኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ እስከ በር ሸኘሁት።

ስመለስ አልጋዋን እንዴት እንደጎተተችው እንጃ፣ የጓዳው በር መሃል ላይ ተጋድሟል። ራስጌው ሳሎን፣ ግርጌው ጓዳ።

«ምንድነው ይሄ፣ እማዬ?»

«ስድስት እጁን አውጥቻለሁ» አለች፣ ጋቢዋን እየተከናነበች። «አራቱ እዚያው ይቆይ።»