ንስር ዓይኑ ልብስ ሰፊ ለምርመራ ሲቀርብ

«ንስር ዓይኑ» የሚለውን ቅጽል ስም ለልብስ ሰፊው ያወጣለት ራሱ ነው፤ ሰው እስኪያወጣለት ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም ይጠብቅ ነበር። ስኳር ካለበት ሰንብቷል። ሐኪሙ የዓይኑን የውስጥ ክፍል በየዓመቱ እንዲያስመረምር ቢመክረውም፣ «መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ምን በወጣው!» እያለ ዓመታት አለፉ። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ክር የገባላቸው መርፌዎች ከስፌት መኪናው አጠገብ በተንጠለጠለች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ያገኛቸዋል። «ማታ እኔው ክር አስገብቼባቸው ነው የሄድኩት» ይላል። የግራ እጅጌው አጠረብኝ ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ካለም፣ «የተንሻፈፈው ትከሻህ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

በመጨረሻ ሚስቱ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። ዓይንህ አያይም ካሉት መቀሱን መስቀሉ ነው፤ ከመቀሱ ሌላ ደግሞ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ተራውን ሲጠብቅ ጆሮውን በሩ ላይ ጥሎ፣ ከፊቱ የገቡት ስለ ዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ የሚመልሱትን ሸመደደ። ሰሌዳው ላይ ያሉት ሹካ መሰል ምልክቶች ጣታቸው ወዴት እንደዞረ መናገር ነው፤ ምን ይከብዳል?

ገብቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ!» ብሎ አንበለበለው።

«ጎበዝ፣ አባባ» አለች ነርሷ። «አሁን ደግሞ ሰሌዳውን ላብራልዎት።»

ሲበራ ከላይኛው መስመር አላለፈም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን ለማደርም አልበቃ።

ነርሷ ዓይኑ ላይ ጠብታ ጨመረችለት። ለአፍታ ቆጠቆጠው፣ ብሌኑ እየሰፋ ሲሄድም የቅርቡ ነገር ሁሉ ደበዘዘበት። አገጩን መሣሪያው ላይ አሳርፎ አንዲት ነጥብ ትኩር ብሎ ሲያይ፣ ብርሃን ቦግ አለና የዓይኑ ውስጥ ፎቶ ተነሣ። ምንም አላመመውም። ዓመታት የሸሸው ይህን ነበር!

ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ፣ «ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች እዚህም እዚያም ደም አፍስሰዋል» አለው። «ደግነቱ ሳይብስ ነው የመጡት።»

«ከእንግዲህ ልብስ እሰፋለሁ?» አለ ንስር ዓይኑ።

«ስኳርዎን ከተቆጣጠሩ፣ ሕክምናውንም ካላቋረጡ ይሰፋሉ።»

ሲወጡ የመንገዱ ብርሃን አንጸባረቀበት። የሚስቱን ክንድ ይዞ በዝግታ ተራመደ።

«ስሚ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ከነገ ጀምሮ ክሩን አንቺ ታስገቢልኛለሽ?»

እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እስከ ዛሬ ማን ሲያስገባልህ የኖረ መሰለህ?»