ሳልቆም ሽማግሌ የሆንኩበት የደባርቅ መንገድ

ጎንደር፣ ንጋት

ወፍ ሳይንጫጫ ነው የተነሳነው። በኪራይ ሚኒባሱ ውስጥ አራት መንገደኞች ነን፦ መምሬ ጥበቡ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ፣ ታናሽ ወንድሜ ዳኛቸውና እኔ። የምንሄደው የደባርቁን የአቶ ወርቁን ልጅ እናኑን ለዳኛቸው ለመጠየቅ ነው። መምሬና ሐጂ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ሄደው በቀጠሮ ተመልሰዋል። መምሬ ምክንያቱን ሸፋፈኑብኝ፤ ሐጂ ግን ምሥጢር ሆዳቸው ውስጥ አያድርም።

"'ወንድሙ ሽባ ነው አሉ፤ ልጄን ለአስታማሚነት አልድርም' ነው ያሉት አቶ ወርቁ" አሉኝ።

አስታማሚ! ከወገቤ በታች አልታዘዝ ካለኝ ወዲህ ልብስ እየሰፋሁ ዳኛቸውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆየት ብሎ ግን ጉጉት ያዘኝ። እኚህ ሰው አይተውኝ አያውቁም፤ ታዲያ የፈሩት ማንን ነው? መምሬ "ብትቀር ይሻላል፣ ሲያዩህ ይብስባቸዋል" ቢሉኝም አልሰማኋቸውም።

ሾፌሩ ዊልቸሬን እያየ ዳኛቸውን "ጋሼ የት ይቀመጣሉ?" ሲል ጠየቀው።

"እሱን ጠይቀው፣ አፉ ደኅና ነው" አለው ዳኛቸው።

ከፊት አልኩና በክንዴ ተንጠላጥዬ ገባሁ። ሾፌሩ አማተበ።

ዳባት፣ ረፋድ

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ግራና ቀኙ ገብስ፣ ባቄላና ባህር ዛፍ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ሁሉ በጋቢ ተጀቡኖ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዳባት ላይ ለቁርስ ቆምን። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች፤ ሰሃኑ ሃያ ብር ነው። ብሩን ስዘረጋላት እጄን መለሰችው።

"ተዉት፣ ለነፍሴ ይሁነኝ። እግዜር ይማርዎት።"

ሐጂ ፈጠን ብለው "ለእኔስ ነፍስ አይሆንሽም?" አሏት።

"እርስዎማ ሲራመዱ አይቻለሁ፤ ሃያ ብርዎን ያምጡ!"

ሳቅሁ። አልታመምኩም፤ እንዲያውም ከአራታችን በጉንፋን የሚያስሉት መምሬ ብቻ ናቸው። "እኔ በምን የምኖር መስሎሽ ነው?" አልኳት።

"ምን ይሠራሉ፣ እንዲህ ተቀምጠው?"

"ልብስ እሰፋለሁ።"

ትንሽ አሰበች። "ለነገሩ ሰፊ ሁሉ ተቀምጦ ነው" አለችና ሃያ ብሬን ተቀበለች። ድንቹ ግሩም ነበር።

ዳኛቸውን እዚያው ሻይ ቤት ተውነው፤ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና። ጥፍሩን ሲበላ ነው የተለየነው። አባቷ አሁንም እንቢ ካሉ ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳይልክ እናኑ ነግራዋለች፤ ሌላ ጠያቂም በደጅ አለ።

ደባርቅ፣ ከቀትር በኋላ

ደባርቅ ላይ ነፋስና አቧራ ተቀበሉን። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ፈረንጆችን የሚጠብቁ በቅሎ ነጂዎች ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከበስተኋላቸው ገደሉ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አንድ አዛውንት አስቁሜ የአቶ ወርቁን ቤት ጠየቅኳቸው። ወንበሬን አዩ፣ መምሬን አዩ፣ "ጠበሉ በታች በኩል ነው" አሉን። ቀጥሎ ያገኘናት ሴትም ወደ ጠበሉ ጠቆመችን። በመጨረሻ ሐጂ ብቻቸውን ሄደው ሲጠይቁ ቤቱ ተገኘ።

ቤቱ ከፍ ካለ የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። የአቶ ወርቁ ባለቤት ገና ሲያዩኝ "እኔን! እኔን! ፍራሽ አንጥፉለት!" እያሉ ሮጡ። አቶ ወርቁ ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆሙ።

"እንደምን ዋላችሁ። ግቡና ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ መምሬ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው።

አቶ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ይኸኛው ግን ቀድሞ ተቀምጧል።"

መምሬ ደነገጡ። እኔ ግን ቀና ብዬ መለስኩላቸው። "አባቴ፣ ይሄ ወንበር እግሬ ነው። እዚህ ላይ ስሆን ቆሜያለሁ። ወርጄ ከመደብዎ ላይ የማርፈው እሺ ሲሉን ነው። ወንድምየው እኔ ነኝ።"

አቶ ወርቁ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ውኃ ማን ይቀዳልሃል?"

"ራሴ፣ ቧንቧው ደጄ ነው።"

"ማን ያበስልልሃል?"

"ድሮ እኔ ለዳኛቸው፣ አሁን በየተራ። እሱ ወጥ ላይ ጨው ያበዛል፤ እናኑ ይህን ከወዲሁ ትወቅ።" ከጓዳ የሴት ሳቅ ተሰማ።

"በዘር የመጣ ነው?"

"ቆርቆሮ ስመታ ከጣሪያ ወድቄ ነው። መውደቅ በዘር አይሄድም።" ተራው የእኔ ነበርና ቀጠልኩ። "እኔስ ልጠይቅዎት? ሳያዩኝ እንዴት ፈሩኝ?"

"አጎቴ እንዳንተ ነበር። ጓዳ ተኝቶ ነው የኖረ። እናቴ ስታነሳው ስታስተኛው ወገቧ ተቆረጠ። ልጄን እንደሷ እንዳላያት ብዬ ነው።"

"ወንበር ነበራቸው?"

"ወንበር ከየት ይመጣል?" አሉ። "ደጅ እንኳ ወጥቶ አላየሁም።" ከዚያ ጎማውን በእጃቸው ነካ አድርገው ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረጉት። "እሱም ቢኖረው ኖሮ…" ብለው ሳይጨርሱ ተዉት። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ፤ ለሰውዬውም ለአጎታቸውም አዘንኩ።

ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። "በየት በኩል ነው የሚያዝ?"

መምሬና ሐጂ ሊረዱ ሲጠጉ አቶ ወርቁ በእጃቸው ከለከሏቸው። ከኋላ እንዲይዙ፣ ወደ ራሳቸው አዘንብለው አንድ አንድ ደረጃ እንዲስቡኝ ነገርኳቸው፤ እኔም ጎማውን እያሽከረከርኩ አገዝኳቸው። እያለከለኩ አስገቡኝ። መደቡ ጋ ስደርስ በክንዴ ተነስቼ ወረድኩበት። አቶ ወርቁ እስከ መጨረሻው አዩኝና በር ላይ ወደቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ዞሩ።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።"

መምሬ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተቀመጡ። መቆሙ የጎዳው እሳቸውን ነው።

ለዳኛቸው ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው። እሺ አሉ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ሳይፈራ አልቀረም።

"ጋሼ፣ ቤቱ ደረጃ አለው ብለውኝ ስጨነቅ ነው የዋልኩት። ማን አወጣህ?"

"አማትህ" አልኩት።