ከስልክ ወደ ስልክ ያለፈው ብረት ድስት

የዶክትሬት ድርሳኔን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ፈታኞቼ ሲሆኑ አራተኛዋ እኔ ነኝ። ከሦስቱም አንደኛውን እጠረጥረዋለሁ። ለዚያ ድርሳን አሥራ አንድ ዓመት ሰጥቻለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ለቅቄ ኮልፌ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ስመለስ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ተምሬ በእርሱ ለመኖር ወሰንሁ። ያስፈራኝ የትምህርቱ ክብደት አልነበረም፤ ዳግመኛ የተሳሳተ ነገር መምረጥ ነበር። ሌላ አሥራ አንድ ዓመት የለኝም።

በፊቴ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ፍላተር የሚባለው ማዕቀፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ለአይፎንም ለአንድሮይድም ያደርሳል፣ የማያቸው የሥራ ማስታወቂያዎችም በአብዛኛው የሚጠይቁት እርሱን ነበር። ሁለተኛው ለአንድሮይድ ብቻ፣ ኮትሊን በተባለው ቋንቋ፣ ከስልኩ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ነው። እንደ ልማዴ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ አሥራ አራት መመዘኛ አሰፈርሁ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠሁ። ፍላተር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ለአንድ ድርጅት የምልከውን ማመልከቻም አዘጋጀሁ፤ ቀነ ገደቡ ዓርብ ነበር። ሆኖም በሰንጠረዥ የሚያምን ሰው ሰንጠረዡን የመፈተን ግዴታ አለበትና፣ አስቀድሜ አንድ ትንሽ መተግበሪያ በሁለቱም መንገድ ጻፍሁ።

ለፈተናው የመረጥሁት የእድራችንን የዕቃ ዝርዝር ነው። ዕቃውን የሚጠብቁት ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ባልቴት ጎረቤታችን ናቸው፤ የአጠና ተራ ንግዳቸውን ካቆሙ ወዲህ የእድሩን ግምጃ ቤት ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁም። ዝርዝሩን ሲነግሩኝ ወደ ግምጃ ቤቱ እንኳ አልገቡም። በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከሚለቅሙት ምስር ሳያነሡ፣ አግዳሚውን በቁጥሩ፣ ድንኳኑን በቀዳዳው፣ ድስቱን በጠባዩ ዘረዘሩልኝ። «ትልቁ ብረት ድስት፣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ በጨርቅ ይያዝ» እንዳሉኝ ጻፍሁ። በኋላ ገብቼ ቆጠርሁ። አንዲት ጭልፋ አልጎደለችም። እንዲህ ያለ ማኅደር በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አላየሁም።

«እንግዲህ ይህ ለእርስዎ ምን ይጠቅምዎታል?» አልኋቸው አፍሬ።

«ለእኔ ምንም። እኔ ስሞት ድንኳን ፍለጋ እንዳትተራመሱ ነው።»

ረቡዕ ዕለት ከሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። በማግስቱ ቀትር ላይ ዕቃ ጠባቂዋን ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት በሚከትፉበት አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ስልክዎን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊው ነው? መርፌ ልትወጊው?» ሴቶቹ ሳቁ። ለሰፈሩ እኔ የማታክመዋ ዶክተር ነኝ።

በፍላተር የጻፍሁትን አስቀድሜ ላክሁላቸው። ብዙ ጠበቅን፤ በመጨረሻም ስልኩ ቦታ የለኝም አለ።

«አንድ ነገር መጥፋት አለበት» አልሁ።

«ምኑ ይጥፋ? ስብከቱ?»

«ብዙ ቦታ የያዘው ይኼ ቪዲዮ ነው።»

«የልጄ ሠርግ ነው እኮ! ለእድር ድስት ብዬ የልጄን ሠርግ ላፍርስ?»

በኮትሊን የጻፍሁትን ላክሁ። ስልኩን ከእጄ ሳላወርድ ደረሰ። ከጎናቸው የነበረችው ወጣት እጇን በሽርጧ ጠረገችና «እትዬ፣ ለእኔም ይላኩልኝ» አለች። ላኩላት፤ መዝሙር በሚላላኩበት መንገድ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ስልክን ከስልክ አጠጋግተው። ስልኳ የመጣው ነገር ምንጩ እንደማይታወቅ ሲያስጠነቅቃት ጮክ ብላ አነበበችው። «ምንጩማ ይታወቃል፤ ያቻት ቆማለች» ብላ ተቀበለችው። ከእርሷ ወደ ቀጣይዋ፣ ከቀጣይዋ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ ድንኳኑ ውስጥ አለፈ።

በሰንጠረዤ ላይ «ስርጭት» በሚለው መመዘኛ ሥር፣ መተግበሪያ ከመደብር በኢንተርኔት ይወርዳል ብዬ ጽፌ ነበር። በተወለድሁበት ሰፈር ነገር ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ዕድሜ ልኬን ሳይ ኖሬ፣ ሌላ አገር የተጻፈ መጣጥፍ አመንሁ።

ተከትዬው ወደ ድንኳኑ ገባሁ። በወዲያኛው ጥግ የማላውቀው ሰው የሚጫወተውን ካርታ አስቀምጦ፣ ከስልኩ ለጓደኛው ያነብብለታል።

«ትልቁ ብረት ድስት፣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ በጨርቅ ይያዝ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ እንጃ። ግን እውነቱን ነው፤ ባለፈው ሳወርደው አቃጥሎኛል።»

ከፈታኞቼ አንዳቸውም የጻፍሁትን በገላቸው አላረጋገጡትም። በአቅራቢያዬ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ፤ ጎኑ ላይ በቀለም አሥራ ሰባት የሚል ተጽፏል፤ በዝርዝሬ ውስጥ እግሩ የላላው እርሱ ነው። ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። በዙሪያዬ ሰዎች ስልካቸውን እያጠጋጉ ነበር፤ እኔን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ሊያይም አይገባውም ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የሚያስደንቅ ነገር በዓይኔ አላየሁም።

ለትክክለኛነት ያህል፦ የፍላተሩ ግዝፈት ከፊሉ የእኔ ጥፋት ነበር፤ የላክሁት ለሙከራ ብቻ የሚሆነውን ቅጂ እንደነበር በኋላ ተረዳሁ። በአግባቡ ሲታሸግ በእጅጉ ያንሳል። መዝኜዋለሁ፤ ያም ሆኖ የሌላውን ብዙ እጥፍ ነው። ዓርብ ማመልከቻውን አልላክሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ጠባቂዋ በሬን አንኳኩ።

«ክዳኑን ብየዳ ቤት ወስጄ አስበየድሁት። ይኼ ግን አሁንም ተሰንጥቋል ይላል። ምነው፣ ውሸታም ታደርጊኛለሽ?»

የተላከው ዝርዝር የሚታረምበትን መንገድ አልሠራሁለትም ነበር። በስንት ስልክ ላይ እንዳለም የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ የተሰነጠቀው ክዳን እኔ የማልደርስበት ቤት ሁሉ ገብቷል።

«ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ኮትሊኑን በወጉ መማር ገና ልጀምር ነው።»

«እንግዲያው ጀምሪያ» አሉና፣ ስልካቸውን ከላፕቶፔ አጠገብ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።