ወፍ የማይደፍረው ማሽላ

ጀማሉ ሞዴል አርሶ አደር ነበር። ባትጠይቁትም ይነግራችኋል። ከቡታጅራ ወጣ ባለችው መንደሩ ሰው አንድ ለአምስት ሲደራጅ ጠርናፊ ሆነና፣ ምርጥ ዘር ያልዘራውን ሁሉ ስም እየጻፈ ለቀበሌ ያቀርብ ጀመር። በ2004 ዓ.ም. ታላቅ እህቱን ዘይባንም ጻፋት። ጥፋቷ የአባታቸውን ቀይ ማሽላ ከጓሮዋ አለመንቀሏ ነው። በስብሰባ መሀል አስቆማትና «የልማት እንቅፋት» አላት።

ዘይባ ሻሿን አስተካከለች። «እንቅፋት የሚመታው መንገደኛን ነው። አንተ ደግሞ የት እየሄድክ ነው?» ብላ ተቀመጠች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ባልቻ የሚባል ሽማግሌ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት መጣ። የዘሩትን ነጭ ማሽላ ወፍ እየጨረሰባቸው፣ ወጣቶቹ ደሴቱን ትተው ወደ ከተማ ይሻገሩ ጀምረዋል። የአባቶቻቸው ቀይ ማሽላ መራራ ስለነበር ወፍ አይደፍረውም፤ ዘሩ ግን ከእጃቸው ጠፋ፤ ባልቻም የመጣው እሱን ፍለጋ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ በዚያው ሰሞን «ነባር ዝርያን እንታደግ» የሚል መመሪያ ወርዶ ነበርና። ሽማግሌውን በቀጥታ ወደ ሞዴሉ ላከው።

«ሞልቶኛል» አለ ጀማሉ፣ አንዲት ፍሬ ሳይኖረው። እንግዳውን ጥላ ሥር አስቀምጦ በጓሮ በኩል ወደ እህቱ ገሰገሰ።

«እትዬ፣ ያቺን ቀይ ማሽላ...»

«የትኛዋን? እንቅፋቷን?»

«መመሪያው ተቀይሯል።»

«ማሽላው ግን ያው ነው» አለች ዘይባ። «የፈለገው ሰው ራሱ ይምጣ።»

ባልቻ መጣ። ከምድጃው በላይ ጭስ ሲጠግብ የከረመውን ዛላ አውርዳ በመዳፏ አሸችለት። ሽማግሌው አንድ ፍሬ አኘከና ፊቱን አኮማተረ። «እሱ ነው» አለ። ስልቻውን ሞላችለት፤ ምሬቱ እንዲለቅ በአመድ ውሃ መዘፍዘፉንም አስተማረችው።

በዓመቱ ማሽላው ያዘ። ከተማ ከገቡት ልጆች ጥቂቶቹ ለአጨዳ ተመልሰው በዚያው ቀሩ። ደሴቱ ላይ ለተዘጋጀው የአዝመራ ምርቃት የተጋበዘው ግን ጀማሉ ነው። ኮቱን ለብሶ ጀልባ ላይ ወጣ፤ እስኪደርስ ቁርሱን ለሐይቁ መልሶ ጨረሰ።

ባልቻ ከሐይቁ ዳር ቆሞ ከጀማሉ ጀርባ ሰው ፈለገ። «ሴትዮዋስ?»

«ሥራ በዝቶባት ነው» አለ ጀማሉ። ነገሩን ጭራሽ አልነገራትም።

ተጨበጨበለት፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። ሊመለስ ሲል ባልቻ በቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ አስያዘው። «ይህ የእህትህ ነው» አለው፤ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዓሣውን አደረሰላት። ዘይባ ተቀብላ የደሴቱ ሰዎች ማሽላውን ስንት ጊዜ እንዳረሙ ጠየቀችው። ማሳውን አላየም ነበር።